ከቁጥቋጦው ውስጥ የሚያፏጨው

ተብለጽ የወፏን እግሮች በግራ እጇ ጣቶች መሃል ይዛ፣ በቀኝ እጇ ደግሞ የወፏ ክንፍ ላይ የተጠመጠመውን የመረብ ክር ልታላቅቅ ስትል ፉጨቱን ሰማች። ሦስት ዝቅ ያሉ ድምፆች፣ ከዚያ አንድ ከፍ ያለ። ከፍ ያለው ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፤ ጫፉ ላይ ስንጥቅ አለና ወደ ትንፋሽ ተለወጠ።

ክሩን ለቃ ወደ ቁጥቋጦው ዞረች። ወፏ በሌላው እጇ ውስጥ ተፈራገጠች።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። የ1977 ዓ.ም. ሆሣዕና ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አባርቶ የናይሮቢዋ ኪሌሌሽዋ ገና በጉም እንደተሸፈነች ናት። የዶክተር ዲሱዛ ግቢ ከቤቱ ጀርባ ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። ከታች ሸንበቆ፣ ከላይ የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ፣ በመሃል በቀርከሃ ላይ የተወጠሩ፣ ከሩቅ የማይታዩ ቀጫጭን መረቦች። በዚህ ሰዓት በግቢው ከተብለጽ በቀር ሰው የለም።

“ማነው?” አለች በአማርኛ።

ቆይቶ እንደገና ተፏጨ። አሁን ግን ከቀድሞው ቦታ ሳይሆን ከአጥሩ ሥር፣ ለበሩ ቀረብ ብሎ ነው።

ይህን ፉጨት የምታውቀው ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው። ባሏ ዓለምሰገድ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። ጉለሌ ተከራይተው ሲኖሩ የአከራያቸው ውሻ ተናካሽ ስለነበር፣ ማታ ከሥራ ሲመለስ በሩን አያንኳኳም፤ ውጭ ቆሞ ያፏጫል። ከቤት ሰው ወጥቶ ውሻውን ይይዝና ይከፍትለታል። የፉጨቱ ጫፍ የሚሰነጠቀው ከስልክ እንጨት ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱ ስለተሸረፈ ነበር። ግንቦት 1970 አንድ ማለዳ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ከቁርስ ገበታ አንስተው ወሰዱት። ለአንድ ዓመት ስንቅ ይዛ ያልቆመችበት የእስር ቤት በር አልነበረም። የሚሰጣት መልስ አንድ ነበር፤ “እዚህ የለም።” በኋላ እሷንም መፈለግ ሲጀምሩ የባሏን ታናሽ እህት አያልነሽን ይዛ በሞያሌ በኩል ወጣች።

ወፏን እንደምንም አላቅቃ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከተተችና ወደ በሩ ሮጠች። ዘበኛው ሙቲሶ በከሰል ምድጃ ላይ እጁን እያሞቀ ነበር።

“ማን መጣ?” አለችው በስዋሂሊ።

“ሀኩና ምቱ፣ ማማ። ማንም የለም።”

“ሲያፏጭ አልሰማህም?”

“ሰማሁ እንጂ። ከውጭ አይደለም ግን፤ ከውስጥ ነው፤ አንቺ ካለሽበት። አንቺ ነሽ ብዬ ነበር እኮ።”

በሩን ከፍታ መንገዱን አየች። ግራና ቀኙ ጭር ብሏል። ከኋላዋ፣ ከግቢው ውስጥ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተፏጨ።

አንገቷን ደፍታ፣ እግሯን እየመረጠች ወደ ወፍ ቆሎው ተጠጋች። ቅጠሉ መሃል ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ቡናማ ወፍ ተቀምጦ ጉሮሮው ያብጣል፣ ይሟሽሻል። መጀመሪያ እንደ ጨረባ ተንጫጨ፤ ቀጥሎ ሌላ ወፍ መስሎ እየተቆጣ ጮኸ፤ ከዚያ ስንዝር ከማትሞላው ገላው የዓለምሰገድ ፉጨት ወጣ። ስንጥቁ ሳይቀር። ፉጨቱ እንዳበቃ ደግሞ ብረት በብረት ሲመታ የሚመስል ድምፅ ተከተለ። ኳ፣ ኳ። ሁለት ጊዜ።

“ዋይ ኣነ!” አለች ተብለጽ። አማርኛውን ከአዲስ አበቤ ባልተናነሰ ትናገረዋለች፤ ሲጨንቃት ግን የአሥመራው ቋንቋዋ ይቀድማል። አማተበች።

ዶክተር ዲሱዛ እዚያው ናይሮቢ የተወለዱ፣ ዘራቸው ከህንድ ጎዋ የሆነ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከደቡብ ተነስተው ወደ አውሮፓ የሚመለሱ ወፎች በግቢያቸው ሲያርፉ በመረብ ይይዟቸዋል፣ ይመዝኗቸዋል፣ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት አስረው ይለቋቸዋል። ተብለጽ መጀመሪያ ሰሞን፣ ትልቅ ሰው ወፍ ይዞ ሳይበላ ሲለቅ አይታ ስቃ ነበር። የቀጠሯት ለጆሮዋ ነው። የእርሳቸው ጆሮ ከዕድሜ ጋር ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ተወ፤ እሷ ደግሞ በአገሯ የመዝሙር አስተማሪ ነበረች። ማን እንደሚዘምር እሷ ትሰማለች፣ እርሳቸው ይጽፋሉ።

በረንዳው ላይ ሻያቸውን ይዘው አገኘቻቸው።

“ዶክተር፣ ወፍ የሰው ፉጨት ማፏጨት ይችላል?”

“የትኛው ነው?” አሉ ወዲያው ተነስተው። አሳየቻቸው። አቅራቢ መነጽራቸውን አነሱ። “ማርሽ ዋርብለር ነዋ! ትልቁ ሌባ! የራሱ ዜማ የለውም ብትይ አታጋንኚም። በመጀመሪያው ዓመቱ፣ በመንገዱ ላይ የሰማውን ሁሉ ይሰርቅና ዕድሜ ልኩን እሱኑ ይዘምራል። ምን አለ?”

“አይሰማዎትም?”

ዶክተሩ እጃቸውን ከጆሮአቸው ኋላ ቀስረው ቆዩ። ወፉ አፉን ከፍቶ እያፏጨ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ።

“መንገዱ በየት በየት ነው?” አለች።

“ከአውሮፓ ነሐሴ ላይ ይነሳል። መስከረምንና ጥቅምትን እናንተ አገር ነው የሚያሳልፈው፤ ረግረግ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ ደንገል ባለበት። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። አሁን ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው።”

“ስንት ዓመት ይኖራል?”

“ሦስት፣ አራት ዓመት ከኖረ ሽማግሌ ነው።”

ተብለጽ በጣቷ ቆጠረች። ዓለምሰገድ ከተወሰደ ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። ይህ ወፍ ያን ጊዜ አልተፈለፈለም። የሰማው በኋላ ነው። ከመወሰዱ በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ከአገሯ በአንዱ ሐይቅ ዳር አንድ ሰው ቆሞ እንደዚህ ያፏጭ ነበር።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወፉ ራሱ መረቡ ውስጥ ገባ። ዶክተሩ በመዳፋቸው ይዘው የሆዱን ላባ እፍ ብለው ገለጡት። ቆዳው ሥር እንደ ቅቤ ቢጫ የሆነ ስብ ሞልቷል።

“አሥራ ስድስት ግራም። ስንቁን ሰንቆ ጨርሷል ማለት ነው። ሰማዩ ከጠራ ዛሬ ማታ ይሄዳል።”

“ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። እስከ ማታ በከረጢቱ ይቆይልኝ። ሰው ላሰማው እፈልጋለሁ።”

“አይሆንም፣ ተብለጽ።”

“እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ።”

“ያለ ጥፋቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ አላስረውም” አሉ ቀለበቱን እግሩ ላይ እየቆለፉ። የተናገሩት ስለ ወፉ ብቻ ነበር። እሷ ግን ፊቷን አዞረች። እሺ ቢሉኝስ፣ አስሬ ላስቆየው እችል ነበር ወይ ብላ አሰበች፤ ወፉን ተቀብላ እጇን ዘረጋች። ለአፍታ መዳፏ ላይ ተቀመጠ፤ ልቡ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ወፍ ቆሎው ገባ።

አብዳ እንደሆነና እንዳልሆነ ሌላ ሰው ሰምቶ ሊነግራት ይገባል። ፉጨቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ ከአያልነሽ በቀር የለም። ነጠላዋን አጣፍታ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፈረች።

መንገዱን ሁሉ የምታስበው ንጉሰን ነበር። ንጉሰ እሷ በተከራየችበት በሳውዝ ሲ የሚኖር መካኒክ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ጣራዋ ሲያፈስ እየጠገነ፣ ስትታመም ሐኪም ቤት እያደረሰ፣ አንድ ቀን ክፉ ሳይወጣው ጠበቃት። የንስሐ አባቷ፣ “ሰባት ዓመት ወሬው ካልተሰማ እግዚአብሔር አይፈርድብሽም” አሏት። እሺ አለች። ሽማግሎቹ ለዳግማይ ትንሣኤ ይመጣሉ። ዓለምሰገድ በሕይወት ካለ ግን እሷ ማናት?

አያልነሽ የምትሠራው ኢስትሊ፣ በበድሩ ሱቅ ነው። በድሩ ከሐረርጌ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አገር ቤት ሳለ የኮንትሮባንድ ዕቃ ተይዞበት ታስሮ የተፈታ። ተብለጽ ስትደርስ አያልነሽ ለአንዲት ሶማሌ ሴትዮ ጨርቅ እየለካች ነበር።

“ተከተይኝ፣ አያል።”

“ምን ሆነሻል፣ እትዬ? ፊትሽ አመድ መስሏል። ሰው ሞተ እንዴ?”

“ማንም አልሞተም። አንድ ነገር እንድትሰሚልኝ ነው። ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።”

በድሩ ከገንዘብ መሳቢያው ቀና ብሎ ተብለጽን አያት፣ አያልነሽን አያት፤ ከዚያ ፈጠን ብሎ አቀረቀረ። “ሂጂ፣ ሂጂ” አለ፣ ማንም ሳያስፈቅደው።

ግቢው ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ወፉ ዝም ብሏል። የወፍ ቆሎው ውስጥ ጥላው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ እግሩ ላይ ቀለበቱ ብልጭ ሲል ተብለጽ አየች፤ ድምፅ ግን የለም። አሥር ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ዶክተሩ በረንዳው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ደመናው ከምሥራቅ እየተገፈፈ ሰማዩ መጥራት ጀመረ፤ ተብለጽ ይህን ባየች ቁጥር ወደ ወፍ ቆሎው ትጠጋለች።

“ወፍ ልታሳይኝ ነው ከሥራ ያስነሳሽኝ?” አለች አያልነሽ ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋ ላይ የተሰካውን እሾህ እየለቀመች። “በድሩ ጥሩ ሰው ሆኖ ነው እንጂ...”

ያን ጊዜ ተፏጨ። ሦስት ዝቅ፣ አንድ ከፍ፣ ስንጥቅ።

“መጣሁ!” አለች አያልነሽ።

ድምፅዋ የራሷ አልነበረም፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። ብድግ አለችና ወደ ግቢው በር ሄደች፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እርምጃ። እጇ መወርወሪያ ለመሳብ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ጉለሌ አብራቸው ስትኖር ውሻውን ይዞ በር መክፈት የእሷ ሥራ ነበር። ሙቲሶ ከምድጃው ዳር ሆኖ አፉን ከፍቶ ያያታል። በስምንተኛው እርምጃ ላይ ቆመች። የተዘረጋውን እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች።

ተብለጽ ሮጣ አጠገቧ ተንበረከከች። “ሰማሽ አይደል? አላበድኩም አይደል?”

“ማን ነው እሱ?”

“ወፍ ነው። ከሰው የሰማውን የሚደግም ወፍ ነው። መስከረም ላይ እኛ አገር፣ ሐይቅ ዳር ነው የሚከርመው። የተማረው ባለፈው ሦስት አራት ዓመት ነው፣ አያል። ገባሽ? ያኔ አልገደሉትም! ሲያፏጭ ሰምቶታል! ወንድምሽ አለ!”

አያልነሽ አልተደሰተችም። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ሳትገልጠው፣ በነጠላው ውስጥ እንዳለች ጠየቀች።

“ከፉጨቱ በኋላ... ብረት የሚመታ ድምፅ አለው?”

ተብለጽ ነጠላውን ከአያልነሽ ፊት ልትገልጥ ብላ ተወችው። ወፉ አሁን ብረቱን አላሰማም። እሷም ስለ ብረቱ አልነገረቻትም።

“ሁለት ጊዜ” አለች። “ጧት ነው የሰማሁት። አንቺ በምን አወቅሽ?”

“የመኪና ቸርኬ ነው።”

“ምን?”

“ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ። ለቆጠራ ሲጠሯቸው ወታደሩ ሁለቴ ይመታዋል።” አያልነሽ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። “በድሩ የታሰረው ሐይቅ ዳር ነበር፣ እትዬ። እስረኞቹ ረግረግ ገብተው ደንገል ያጭዳሉ። ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ የገባ ሰው አይታይም። ለቆጠራ ያልደረሰ ይገረፋል። ስለዚህ ወታደሩ ብረቱን ሳይመታ በፊት ዳር የቆመው ያፏጭላቸዋል። ያፏጭ የነበረው ጋሼ ነው።”

“በድሩ አይቶታል?”

“አብረው ነበሩ።”

አያልነሽ ሣር ትነጫለች።

“ታይፎይድ ነው ያለኝ። ጥር 74። የቀበሩትም እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው። ቦታውን ነግሮኛል፤ ግራር አለበት።”

ወንዙ ከታች ይንሾሿሻል። ከማዶ ቤት አንዲት ሴት በኪኩዩ ሰው ትጣራለች።

“ፉጨቱስ?” አለች ተብለጽ፣ ከሁሉ ነገር መርጣ።

“ቀጠሉበት። እሱ ከሞተ በኋላም ዳር የቆመ ሁሉ እንደ እሱ ነው የሚያፏጨው አለኝ። ጥርስ ያለውም የሌለውም ጫፉን ይሰነጥቀዋል። ሌላ ዓይነት ፉጨት ከሆነ ደንገል ውስጥ ያሉት አይወጡም፤ የወታደር ነው ብለው ይፈራሉ።”

“ታዲያ ይሄ ወፍ የሰማው ማንን ነው? እሱን ነው? እነሱን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ።”

“ካወቅሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?”

“በሰኔ ሁለት ዓመት።”

የተብለጽ እጅ ተነሳ። መትታት አታውቅም፤ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ናት። እጇ አየር ላይ ቆይቶ ተመልሶ ጭኗ ላይ ወደቀ።

“መርዶ ብቻዬን እንዴት ልንገርሽ?” አለች አያልነሽ ማልቀስ ጀምራ። “ዘመድ የለን፣ እድር የለን። ዛሬ ነገ ስል ወር ሞላ። ወር ሲሞላ፣ እስካሁን የት ነበርሽ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ንጉሰ መጣ። ዝም ብል ታገባለች፣ ልቧ ሳይሰበር ታልፈዋለች አልኩ። ደግሞ...”

“ደግሞ ምን?”

“እሱ ከሌለ እኔ ምንሽ ነኝ? በእሱ ነው እኅትሽ የሆንኩት።”

ተብለጽ የወፍ ቆሎውን አየች። ጀምበሯ ከንጎንግ ኮረብታ ኋላ ልትገባ ነው፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠርቷል። ከቁጥቋጦው አንድ ትንሽ ነገር ወጣ፤ በጣራው ከፍታ፣ ከዚያ በባሕር ዛፎቹ ከፍታ፣ ከዚያም በላይ ወጥቶ ነጥብ ሆነ፤ ወደ ሰሜን ነበር። ያ ይሁን ሌላ ይሁን መለየት አልቻለችም። እሱን ተከትለው ከሸንበቆው፣ ከወንዙ ዳር፣ ከጎረቤት ግቢ፣ አንድ በአንድ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ሌሎችም ወጡ። ጧት ሙሉ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ሲሄዱ ትንፍሽ አላሉም።

አገሯ በዚያ በኩል ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ላይዋ ላይ ያልፋሉ፤ ማንም መታወቂያ አይጠይቃቸውም። ግራሩንም ያልፉታል።

ልታለቅስ ፈለገች። ግን እንዲህ ሆኖ አይደለም። ወገቧን ሳትታጠቅ፣ ሰው በሌለበት፣ የሰው ግቢ ሣር ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ተራ ወሬ ሰምታው አይደለም። እሱን ያህል ሰው እንዲህ አይለቀስለትም። አያልነሽም ሁለት ዓመት ብቻዋን ተሸክማው፣ በዚህ ዓይነት አውርዳው ቀና ብላ መሄድ አትችልም።

“አያል” አለች። “ዛሬ ምንም አልነገርሽኝም።”

“እ?”

“አልሰማሁም። ሂጂና ሰው ሰብስቢ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ይዘሻቸው ቤቴ ነይ። በወጉ ንገሪኝ።”

አያልነሽ እንባዋን ሳትጠርግ አየቻት። “ማን ማንን ልያዝ?”

“በድሩን። ቄሱን። ከኢስትሊም ከሳውዝ ሲም የምታውቂውን ሰው ሁሉ። አንቺ ከፊት ሁኚ፤ የሟች እኅት ነሽ።”

“ንጉሰንስ?”

ተብለጽ ነጠላዋን ፈትታ እንደገና አጣፋች። “እሱም ይምጣ። ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጥ።”

አያልነሽ ጉልበቷን ስማት ተነሳች። ሙቲሶ በሩን ከፍቶ አሳለፋት። ተብለጽ ብቻዋን መረቦቹን ከቀርከሃው እያወረደች ጠቀለለች፤ በመሸ ጊዜ ተወጥረው ከቀሩ የሌሊት ወፍ ይገባባቸዋል። ዶክተር ዲሱዛ ከእንቅልፋቸው ነቅተው በዱላቸው ተደግፈው ወረዱ።

“ሄደ?”

“ሄዷል መሰለኝ።”

“ጎሽ። ጥሩ ሰማይ አገኘ።” መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘዋል። “ነገስ በስንት ሰዓት እንወጥር? በአሥራ ሁለት ነው የሚሻለው?”

“ነገ አልመጣም፣ ዶክተር። ከነገ ወዲያም አልመጣም። ቤቴ ለቅሶ አለ።”

ሽማግሌው ደነገጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ፖሌ፣ ልጄ። ፖሌ ሳና፤ በጣም አዝናለሁ። ማን ሞተብሽ?”

ተብለጽ የመጨረሻውን መረብ ጠቅልላ አሰረች።

“ገና አልነገሩኝም” አለች።